ማርስና ማፍረስ

ደጀኔ በዕድሜው "ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል" ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። ይህን ቀድሞ መናገር ይሻላል፤ በኋላ የተከተለው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህች ጠባዩ ነውና። ሬኮ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ዐሥራ ስምንት ዓመት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። ሚስቱ ስትሞትበት ጓዙን ጠቅልሎ ዲላ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ የሚያነበው እሱ ሆነ። የሠርግ ጥሪ ይሁን የጠፋ ላም፣ የመዘምራን ልምምድ ይሁን የዕድር ስብሰባ፣ በደጀኔ አፍ ካላለፈ ሰው ልቡ አይቀበለውም። ድምፁ ወፍራም፣ አማርኛው የጠራ ነበር፤ ይህንንም ከማንም በፊት ራሱ ያውቀዋል።

የሚኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው ተዳፋት ላይ ነው። እዚያ ያሉት ዐሥራ ሁለት ቤቶች ሁሉም ጨረቃ ቤቶች ናቸው፤ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ካርታ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ሌሊት ቆመው ያደሩ። ከጊዜ ብዛት ሰዉ "ቤት" የሚለውን ቃል ጣለውና ሰፈሩን እንዲሁ "ጨረቃ" አለው። ባጃጅ ሲቆም "ጨረቃ ትሄዳለህ?" ነው የሚባለው። ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ አድራሻው "ጨረቃ" ተብሎ ይጻፋል፤ የሚጽፈው መምህርም አይስቅም፣ ለምዶታል።

ሰኞ ዕለት ከጦይባ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ያነበበው፣ እንግዲህ ማን ሊሆን ነው፣ ደጀኔ ነው። በሰፈሩ ያሉት ሕገ ወጥ ግንባታዎች ስለሚነሡ ነዋሪዎች ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ቀርበው እንዲመዘገቡ፤ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ መፈረም እንዳለበት፤ የተመዘገበ ሰው ምትክ ቦታ እንደሚታይለት፤ ያልተመዘገበ ግን ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ እንደማይችል ይላል። በዚያ በወፍራም ድምፁ እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበበው። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

"'ይታይለታል' ነው የሚለው፤ 'ይሰጠዋል' አይልም" አለ ደጀኔ መነጽሩን እያወለቀ። "ሰማይም ይታያል።"

በሰፈሩ በዕድሜ ትልቋ እማማ አትጠገብ ናቸው። ከኮቸሬ በኩል የመጡ ጌዴኦ ናቸው፤ ጉልበታቸው እስኪዝል ድረስ በቡና መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ቡና ሲለቅሙ ኖረዋል። ሠላሳ ዓመት በሰው ግቢ ተከራይተው ቆይተው ነው እዚህ ተዳፋት ላይ ሁለት ክፍል ያቆሙት። ጭቃውን ራሳቸው ረግጠው፣ ራሳቸው መርገውታል። ከዚያ ወዲህ "ውጪልኝ" የሚላቸው ሰው የለም። ያን ቀን ወረቀቱ ሲነበብ ደጀኔን ብቻ አዩት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ ያሰረች ባጃጅ በላይኛው መንገድ አለፈች። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ባጃጇ በዘለለች ቁጥር ድምፁ ይቆረጣል፣ ይንጫረራል፣ ደግሞ ይቀጥላል። "ቅዳሜ... ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት... በወጣት ማዕከል አዳራሽ... የመንግሥት ዕቅድ... ጨረቃ... ማ...ስ... ይቀጥል ወይስ ይቁም... የሕዝብ ክርክር... ማንኛውም ሰው ሐሳቡን መስጠት ይችላል..."

ደጀኔ ከሱቁ ደጃፍ ተነሥቶ ቆመ።

"ሰማችሁ?" አለ። "'የመንግሥት ዕቅድ፣ ጨረቃን ማፍረስ፣ ይቀጥል ወይስ ይቁም!' ለክርክር አቅርበውታል!"

"እኔስ 'ጨረቃን ማረስ' ያሉ ነው የመሰለኝ፣ ጋሽ ደጀኔ" አለች ጦይባ ከባንኮኒዋ ጀርባ ሆና።

"ማረስ! ይህን ገደል በምን በሬ ሊያርሱት ነው?" አለ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ጦይባም ሳቀች።

የተባለው ግን ማፍረስም አልነበረም፣ ማረስም አልነበረም። የተባለው "ማርስ" ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሳይንስ ክበብ ነበር ባጃጇን የላከው፤ የዓለም መንግሥታት ሰውን ወደ ጨረቃና ወደ ማርስ ለመላክ ያወጡት ዕቅድ ይቀጥል ወይስ ይቁም ብለው ሊከራከሩ። ይህን ለደጀኔ የሚነግረው ሰው አልነበረም። ቢነግሩትስ መቼ ይሰማና!

ሐሙስ፣ ገና ሳይመሽ፣ ዐሥራ ሁለቱም ባለቤቶች ጦይባ ደጃፍ ተሰበሰቡ። ጦይባ ከወራቤ የመጣ የነጋዴ ልጅ ናት፤ ባሏ ጭነት መኪና ላይ ስለሚውል ቤቱንም ሱቁንም የምታስተዳድረው እሷ ናት። ነገር ማርዘም አትወድም።

"ሁለቱንም እናድርግ" አለች። "ግማሻችን ቢሮ ሄደን እንፈርም፤ ግማሻችን አዳራሽ እንግባ።"

"ሌላው ሄዶ አይፈርምልሽም፤ ራስሽ ነሽ መቅረብ ያለብሽ፤ ተጽፏል" አለ ደጀኔ። "ደግሞስ መዝገብ ላይ የሚፈርመው ማን ነው? ተሸንፌያለሁ፣ ልውጣ ያለ ሰው ነው። ክርክር ግን አልወጣም ለሚል ሰው ነው። በአንድ እጃችሁ ፈርማችሁ በሌላው እጃችሁ ልትከራከሩ ነው? ዐሥራ ሁለት ቤት አንድ ላይ ሲገባ ነው የሚፈሩን። ከተከፋፈልን አለቀልን።"

አማርኛው አማረ፤ ችግሩም ይኸው ማማሩ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እማማ አትጠገብ ዞረ።

"እኔ ጆሮ ደክሟል" አሉ እማማ አትጠገብ በዚያ ከጌዴኦኛ ጋር በሚቀላቀል አማርኛቸው። "የደጀኔ ጆሮ የእኔ ጆሮ ነው። ጦይባ ጥሩ ልጅ ነው፣ ብልህ ነው፤ ግን እኔ ከደጀኔ ጋር ነኝ።"

እሳቸው ይህን ሲሉ ነገሩ አለቀ። ጦይባ ብቻ "እኔ እንኳ ብፈርም ይሻለኛል፣ ይቅር በሉኝ" ብላ ተነሣች።

ቅዳሜ ጠዋት ዐሥራ አንዱ ተጣጥበው፣ ያላቸውን ለብሰው ወጡ። ደጀኔ የሠርጉን ኮት ደረበ። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ "ክርክሩ እዚህ ነው" የምትል ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነበረች። መብራት ጠፍቶ ነበርና ውስጡ ጨለምለም ብሏል፤ ተማሪዎች በየወንበሩ ሞልተዋል። ደጀኔ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፤ የጨረቃ ሰዎች ከኋላው ሁለት ረድፍ ያዙ። ይህን ሁሉ ተማሪ ሲያይ ልቡ ሞላ። የእነሱ ጉዳይ ይህን ያህል ሰው የሚያስጨንቅ አልመሰለውም ነበር።

መድረኩን የሚመራው ሲላስ የሚባል ቀጠን ያለ ተማሪ፣ ማይኩ ያለ መብራት ስለማይሠራ እየጮኸ ጀመረ። "የዛሬው ርዕሳችን የመንግሥታት የጨረቃ ዕቅድ ነው!"

መንግሥታት ሲል ደጀኔ ራሱን ነቀነቀ። የፌዴራሉም የክልሉም አለበት ማለት ነው፤ ነገሩ ከፍ ያለ ነው።

መጀመሪያ የተነሣው ጋዲሳ የሚባል ልጅ ነበር። "ሰው ጨረቃ ላይ መኖር አለበት! ይኖራልም!" አለ ጠረጴዛውን እየመታ። የጨረቃ ሰዎች በጭብጨባ አዳራሹን ቀወጡት። ልጁ እንዲህ ያለ አቀባበል አልጠበቀምና ጭራሽ ጋለ። "ዛሬ ጨረቃ ላይ ውሃ መኖሩ ተረጋግጧል!"

"የት ነው ያለው?" አሉ እማማ አትጠገብ ወደ ደጀኔ ጆሮ ጠጋ ብለው። "እኛ ከወንዝ አይደለም ወይ የምንቀዳው?"

"ሊያስገቡልን አስበው ይሆናል" አላቸው ደጀኔ።

ቀጥላ ሉሲ የምትባል ልጅ ተነሣች። "ይቁም!" አለች። ያ ሁሉ ሀብት ጨረቃ ላይ ከሚፈስስ ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ይዋል፤ እዚያ መኖር ለሰው ጤናም አደጋ ነው፤ አየሩ አይረባም አለች። ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ። ደጀኔ ከኪሱ ባወጣው ወረቀት ላይ "ልጅቷ፦ አየሩ አይረባም አለች፤ ሐሰት" ብሎ ጻፈ። ተራው ሲደርስ ሊያፋጥጣት ነው።

አራት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መብራት መጣ። ተማሪዎቹ እልል አሉ። መድረኩ ላይ የተንጠለጠለው ነጭ ጨርቅ ቦግ ብሎ በራ፤ ሥዕል ወጣበት። እሳት የሚተፋ ሮኬት፤ ወፍራም ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች፤ ከጀርባቸው ጠባሳ የሞላባት ግራጫ ኳስ፣ አጠገቧም ሌላ ቀይ። ከላይ በትልቁ ተጽፏል፦ "ጨረቃና ማርስ፦ ሰው ይሂድ ወይስ ይቅር?"

ደጀኔ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አነበበው። ማርስ። ባጃጇ ስትዘል፣ ድምፁ ሲቆረጥ፣ ማርስ።

ደሙ ወደ ጆሮው ወጣ። ሊደበቅ የማይችል ሐፍረት ነበር፤ ልጅ ሆኖ አባቱ ሰው ፊት በጥፊ ሲመታው የተሰማው ዓይነት። ሰዓቱን አየ። ቢሮው በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ምዝገባው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ጊዜ ሞልቷል! ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ወደ ኋላ ዞሮ፣ "ተሳስቻለሁ፣ ተነሡ" ማለት ብቻ ነው። ሁለት ቃል ነው። በሺህ ሰው ፊት ቆሞ የሚያነብ አፍ ሁለት ቃል አያቅተውም።

አቃተው። ይህ ልጅ ይጨርስና እነሣለሁ አለ። ልጁ ጨረሰ፤ ሌላ ተነሣ። አሁን ብነሣ መሃል ላይ ማቋረጥ ይሆናል አለ። ያኛውም ጨረሰ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ጦይባ ናት። አላነሣውም። ደግማ ደወለች፤ ሦስተኛ ደወለች። ከዚያ መልእክት መጣ፦ "ጋሽ ደጀኔ ሰው እየፈረመ ነው። ሰልፉ አጭር ነው። ቶሎ ኑ።" አንብቦት ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ከኋላው ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወደ ኋላ ለመዞር አንገቱ አልታዘዝ አለው። አልገባቸውም ብሎ አሰበ፤ ሮኬቱን ማስታወቂያ ነገር አድርገው ይሆናል የሚያዩት፤ ምስኪኖች፤ እኔን አምነው ተቀምጠዋል። ይህን ባሰበ ቁጥር መነሣት ይበልጥ ከበደው። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል ሆነ። ተከራካሪዎቹ ማርስ ላይ ስለሚኖር ሰው የምግብ አቅርቦት ሲያወሩ እሱ ከሰዓቱ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ደቂቃዎቹ ሲያልፉ እያየ ነው የተቀመጠው፤ አላየሁም ማለት አይችልም።

ለስድስት ሩብ ሲቀር ሲላስ "አሁን ዕድሉ የሕዝብ ነው፤ ማን ሐሳብ አለው?" አለ።

ደጀኔ እጁን አነሣ። ለምን እንዳነሣ ቢጠየቅ አያውቀውም። አንድ ነገር ካልተናገረ ያ ሁሉ መቀመጥ ለምንም ሊሆን ነው፤ ይህን ብቻ ነበር የሚያውቀው። ማይኩን ሰጡት።

"ስሜ ደጀኔ ይባላል" አለ። "የምኖረው ጨረቃ ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

"እውነቴን ነው። እናንተ ጨረቃ ላይ ቤት ይሠራ አይሠራ እያላችሁ ትከራከራላችሁ። እኔ ሠርቼ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ሄዶ ማየት የፈለገ ሮኬት አያስፈልገውም፤ ባጃጅ ይበቃዋል።" ሳቁ ጨመረ፤ አንዳንዱ ያፏጭ ጀመር። "ውሃ አለ ተባለ። የለም። አየሩ አይረባም ተባለ፤ አየሩ ጥሩ ነው። ዐሥራ ሁለት ቤት ነን። ጎረቤቴ ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት ተከራይተው ነው እዚያ የደረሱት። ሊያፈርሱብን ነው። ወደ ሰማዩ ጨረቃ ሰው ለመላክ የምታስቡ ልጆች፣ እባካችሁ፣ ከምድሩ ጨረቃ የሚወጣው ሰው የት ይሂድ? ይህን ተከራከሩልን።"

ድምፁ መጨረሻ ላይ ተሰበረ። የተሰበረው የእውነት ነበር። ተማሪዎቹ ግን ብድግ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። እንዲህ ያለ ብልህ ምሳሌ ሰምተው አያውቁም። ሲላስ የቀኑ ምርጥ ሐሳብ ብሎ ሮኬት የታተመበት ቲሸርት ሸለመው፤ ሉሲ መጥታ እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

"ጋሼ፣ አስለቀሱኝ እኮ! ጨረቃ ቤትን ከጨረቃ ጋር እንዴት እንዳያያዙት!"

"ልጄ፣ ይህን ነገር ለቢሮው የሚያደርስልን ይኖራል?" አላት።

ቀልዱን የቀጠለ መስሏት ሳቀች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ምን ታድርግ።

ደጅ ሲወጡ ስድስት ሰዓት አልፏል። እማማ አትጠገብ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ።

"ጥሩ ተናግረሃል፣ ልጄ" አሉት። ከዚያ፣ "ጦይባ ምን አለ?" አሉት።

"ምንም አላለችም" አለ ደጀኔ።

ሌሎቹን ወደ ቤት ሸኝቶ ብቻውን በባጃጅ ወደ ቢሮው በረረ። በሩ ተቆልፏል፤ ዘበኛው ምሳውን እየበላ ነበር። ሰኞ ገና በሩ ሲከፈት ተመልሶ ሄደ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ዝርዝሩ ተዘግቶ ወደ በላይ መላኩን ነገረችው።

"አባባ፣ ማስታወቂያውን አላዩትም ነበር?" አለችው።

"እኔ ነኝ ያነበብኩት" አላት።

ሲመለስ ጨው ሊገዛ ብሎ ጦይባ ሱቅ ገባ። ጨው ግን ቤቱ ነበረው። ጦይባ ሚዛኑ ላይ አቀርቅራ ቆየችና፣ "ጋሽ ደጀኔ፣ ቅዳሜ ስልክዎ ተዘግቶ ነበር እንዴ?" አለችው።

"ባትሪ አልቆብኝ" አለ።

"ይጠራ ነበር እኮ" አለች፤ በቁጣ አይደለም። ጨውን ቋጥራ ሰጠችው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ከቅዳሜው ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለማንም አልተናገረም። እሑድ ማስታወቂያውን ከመዘምራኑ አንዱ ጴጥሮስ እንዲያነብ ጉሮሮዬን አመመኝ አለ። ጠዋት ጠዋት እማማ አትጠገብ ደጃፍ እየሄደ ይቆማል፤ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ይላል። እሳቸው ግን ስለ ዝናቡ፣ በእንሰታቸው ሥር ጉድጓድ ስለሚቆፍረው አይጥ፣ ስለ ጉልበታቸው ያወሩለታል፤ ስለ ቤቱ አንድም ቀን አያነሡም። እምነታቸው ነው ዝም ያሰኛቸው አለ በልቡ። ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ አይተዋልና ቤቱ የዳነ መስሏቸዋል። እህል አልወርድለት አለ። አንድ ቀን የነጠላቸውን ጫፍ ሲሰፉ አያቸውና ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ አለቀሰ።

በዐሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዶዘሩ በላይኛው መንገድ መጣ። ከኋላው ፖሊሶች የጫነች መኪና ነበረች። አንድ ወጣት ሠራተኛ ወረቀት ዘርግቶ ስም ጠራ። የጠራው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ምትክ ቦታዋ እስኪታይ ቤቷ የሚቆይላት የጦይባን። ሌሎቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዕቃቸውን እንዲያወጡ አስታወቀ። ልጁ ራሱ ሲናገር ከወረቀቱ ላይ ቀና አላለም። ሰዉ አልጮኸም። ሴቶቹ ወደየቤታቸው ገብተው ዕቃ ማውጣት ጀመሩ፤ ጦይባ ሱቋን ዘግታ የሰው ዕቃ ትሸከም ጀመር።

ደጀኔ ወደ እማማ አትጠገብ ቤት ሮጠ። ጋቢያቸውን እያጠፉ አገኛቸው። ልብሳቸው ተቋጥሯል፤ ድስቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ገብተዋል፤ ግድግዳው ላይ የነበረው መስቀያ ባዶ ነው። ይህ ዛሬ ጠዋት የተሠራ ሥራ አይመስልም። ደጀኔ ግን ይህን ልብ የሚልበት ሁኔታ ላይ አልነበረም። መሬት ላይ ተንበረከከ።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት" አለ። "ያ ክርክር ስለ እኛ አልነበረም። ስለ ሰማዩ ጨረቃ ነበር። እኔ ነኝ ተሳስቼ የሰማሁት። መብራት ሲመጣ ደግሞ ገብቶኝ ነበር። ቢሮው ሳይዘጋ፣ ጊዜ እያለን ገብቶኝ ነበር። ጦይባም ደውላ ነበር። አፍሬ ነው የተቀመጥኩት። ቤትዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

እማማ አትጠገብ ጋቢውን አጥፈው ጨረሱ።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"ያ መብራት መጣ። ያ ትልቅ ሥዕል ወጣ። እኔም አየሁ። እኔ ማንበብ አላውቅም፤ ግን ሮኬት አውቃለሁ። ሁላችንም አየን።"

ደጀኔ ቀና ብሎ አያቸው። "ታዲያ ለምን አልተነሣችሁም? እማማ፣ ለምን?"

"እንዴት ይነሣል?" አሉ፤ ጥያቄው ራሱ እንዳስገረማቸው። "አንተ ፊት ተቀምጠህ? እኔ ከተነሣሁ ሁሉ ይነሣል። ያ ሁሉ ተማሪ ዞሮ ያየናል፤ ባንተ ይስቃል። አንተ ትልቅ ሰው ነህ፤ የእኛ ሰው ነህ። ጎረቤት ታምሩ ከጎኔ ነበር፤ እጄን ነካ አደረገ፣ 'እማማ እንውጣ' አለ። 'ተው፣ ራሱ ይነሣል' አልኩ። ጆሮህ ሲቀላ አየን። ሰዓት ስታይ አየን። አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል እያልን ጀርባህን አየን።" ጋቢውን ከረጢቱ ላይ አኖሩት። "ጠበቅንህ እኮ፣ ልጄ።"

ዐሥር ሰው፣ ዐሥር ቤት፣ ሁሉም የደጀኔን ክብር ለመጠበቅ ቁጭ ብለው ሰዓቱን አሳልፈውታል፤ እሱም የራሱን ክብር ለመጠበቅ። አንዱ ሌላውን ላለማሳፈር ሲል ሰፈሩ አለቀ። አፉን ከፈተ፤ ያ ወፍራም ድምፅ አልወጣም።

ደጅ የዶዘሩ ሞተር ተነሣ።

"በል ተነሥ" አሉት እማማ አትጠገብ። "ቆርቆሮው የእኔ ነው፤ አይውሰዱብኝ። አንተ ከላይ ንቀል፣ እኔ ከታች እቀበላለሁ።"

ጦይባ መሰላል ይዛ መጣች። ደጀኔ ጣሪያው ላይ ወጥቶ በመዶሻው ጥርስ ምስማሩን መንቀል ጀመረ። ዓይኑ በእንባ ስለተሞላ ምስማሩን በዳሰሳ ነው ያገኘው። ዝጓል፤ በቀላሉ አይወጣም። እማማ አትጠገብም ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ቆርቆሮው እስኪወርድ ከታች ቆመው ጠበቁት።